የጡብ መከለያ
ኤይሊን ግሬይ (1878–1976 እ.ኤ.አ.)፤ ላከር የተቀባ እንጨትና የብረት ዘንግ

በአየርላንድ ተወልዳ በፓሪስ የኖረችው የቤት ውስጥ ንድፍ ጠቢብ ኤይሊን ግሬይ፣ ከጃፓናዊው ባለ እጅ ከሴይዞ ሱጋዋራ የላከርን ጥበብ ከቀሰመች በኋላ፣ ከዛፍ የሚፈሰውን ይህን ሙጫ በእንጨት ላይ ደራርባ እየቀባች፣ እያንዳንዱን ሽፋን በርጥብ ክፍል እያደረቀችና እየወለወለች፣ እጇን ቢያቆስለውም እንኳ ሳትታክት፣ ጥቁሩ እንጨት ገጸ ማይ መስሎ ብርሃንን እስኪቀበል ድረስ ትደክም ነበር። ጡብ መሰሎቹ ገበታዎች በዘንጉ ላይ ስለሚዞሩ መከለያው ግድግዳም መስኮትም ይሆናል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ ይልቅ ሐውልት ነው። ደስታዋ በአንድ ግብረ እድ አልተወሰነም፤ ምንጣፍ ነድፋለች፣ ከብረት ቱቦና ከመስታወት ጠረጴዛ አበጅታለች፣ በ1929 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ኢ-1027 የተባለውን ቤት ከነዕቃው ፈጽማለች። እባክዎ ወደ ጐን ፈቀቅ ብለው፣ ብርሃኑ በገበታዎቹ መካከል ሲያልፍ ይመልከቱ።