ኪሳራ ተብሎ የተቈጠረ ብርሃን

ሊቁ ሮንትገን በ1895 ዓ. ም. (የዘመኑ አቈጣጠር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) በጀርመን አገር የራጅን ጨረር ካገኘ ወዲህ፣ ሐኪሞች የአጥንትን ስብራት ሥጋ ሳይቈርጡ ለማየት ቻሉ። በየሐኪም ቤቱ ያለው ራጅ የሚወጣው የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች ከብረት ጋራ ሲላተሙ ነው። ነገር ግን ከኀይላቸው አብዛኛው ብረቱን በማጋል ስለሚባክን፣ ጨረሩ ከመጠን በላይ ሊደምቅ አይችልም።

ከዚህ የደመቀው ጨረር ሰዎች እንደ ጉዳት ከቈጠሩት ነገር ተገኘ። ኤሌክትሮንን በማግኔት እያዞሩ የሚያፋጥኑ መኪናዎች በተሠሩበት ዘመን፣ ኤሌክትሮኑ በዞረ ቍጥር ከኀይሉ ጥቂቱን በጨረር መልክ እንደሚጥል ኢቫኔንኮና ፖሜራንቹክ የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት በ1944 አስልተው አሳዩ። ሠሪዎቹም ይህን፣ ነጋዴ ከተቀደደ ጆንያ የሚፈሰውን እህል በሚያይበት ዓይን ተመለከቱት።

አፕሪል 24 ቀን 1947 በአሜሪካ፣ በስኬኔክታዲ ከተማ፣ በጄኔራል ኤሌክትሪክ የምርምር ቤት 70 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ ሲንክሮትሮን ይሠራ ነበር። ፍሎይድ ሃበር የተባለው ረዳት ከግንቡ ከለላ ወዲህ ሆኖ በመስተዋት ቢመለከት፣ ቀለበቱ ውስጥ ብርሃን አየ፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታ መስሎትም መኪናው እንዲቆም ነገራቸው። ሊቃውንቱ ቢመረምሩት ግን የተበላሸ ነገር አልነበረም። ሰማያዊ ያዘለው ነጭ ብርሃን፣ ኀይሉ ሲቀነስ ወደ ቢጫ፣ ቀጥሎም ወደ ቀይ ተለወጠ። ቀለበቱ ብርሃን ከሚያሳልፍ ብርጭቆ ባይሠራ ኖሮ በዚያች ዕለት ማንም ባላየው ነበር።

ያ ብርሃን በዓይን የሚታይ እንጂ ራጅ አልነበረም። ራጅ እንዲሆን የኤሌክትሮኑ ኀይል እጅግ መብዛት፣ ቀለበቱም መስፋት ነበረበት። በ1994 በፈረንሳይ፣ በግሬኖብል፣ ለተመራማሪዎች የተከፈተው ቀለበት ዙሪያው 844 ሜትር፣ የኤሌክትሮኑም ኀይል 6,000 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህን ብዙ መንግሥታት ተባብረው አቆሙት እንጂ ለአንድ ሐኪም ቤት የሚቻል አይደለም።

የማሳነሱን ብልሃት ሁዋንግና ሩት በ1998 አቀረቡ። በትልቁ ቀለበት ኤሌክትሮኑን የሚያወዛውዙት ማግኔቶች ርቀታቸው በሴንቲሜትር ይለካል፤ የሌዘር ብርሃን ሞገድ ግን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያህል ነው። ኤሌክትሮኑ ከዚህ ሞገድ ጋራ ፊት ለፊት ሲገናኝ፣ ውዝዋዜው እጅግ ስለሚፈጥን በትንሽ ኀይል ራጅ ያወጣል። በ2015 በሙኒክ አጠገብ፣ በጋርኪንግ፣ የተተከለው መኪና ከ25 እስከ 45 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃዋል፤ የቀለበቱም ዙሪያ አምስት ሜትር አይሞላም። ድምቀቱ ከግሬኖብሉ እጅግ ያንሳል፤ ሆኖም ተራው ራጅ አጕልቶ የማያሳየውን የሳንባና የጡት ሥጋ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ለመመርመር አስችሏል።