ብዙ የታየ መዝሙር መልካም መዝሙር ነው?



በቅርቡ እዚህ ከሚሴ ከመዘምራን ጋር ለእሑድ መዝሙር ስንመርጥ አንድ ወጣት ወንድማችን ስልኩን አወጣና "ፓስተር፣ ይሄኮ ሚሊዮን ሰው አይቶታል" አለን። ሁሉም ዝም አለ፤ ክርክሩ እዚያው ያለቀ መሰለ። እኛን ግን ነገሩ እስከ ቤታችን ተከተለን። መዝሙር የሚመዘነው በሰሚው ብዛትና በሚያስገባው ገንዘብ ከሆነ፣ የኦሮምኛው የመጀመሪያ የመዝሙር መጽሐፍ ምን ሊባል ነው?

ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ የኢሉባቦር ሰው ነው። የመዝሙር መጽሐፉን ያዘጋጀው በ1880ዎቹ፣ ምጽዋ አጠገብ ባለችው እምኩሉ ሳለ ነበር። ገበያ ብሎ ነገር አልነበረውም። የሚዘምሩለት ሰዎች እጅግ ሩቅ ነበሩ፤ መንገዱም ዝግ ነበር፤ ሞክሮ ተመልሷል። እርሱ ራሱ ወለጋ የደረሰው በ1904 ነው። መጀመሪያ መዝሙሩን የዘመሩት እንደ እርሱ ከባርነት የወጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ አስቴር ጋኖ ናት። ኦነሲሞስ ከሀገሩ የወጣው ሕፃን ሆኖ ስለነበር ቋንቋው የሞላው ከእርሱ ይልቅ ለእርሷ ነበር። 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታዋ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የእርሷም ድካም አለበት። የእኛ የወሎ ኦሮምኛ ከወለጋው ጥቂት ጥቂት ይለያል፤ ቢሆንም ዛሬ በኦሮምኛ ስናመልክ ያን ጊዜ ገዢ ባልነበረው ሥራ ላይ ቆመን ነው።

በዕድሜ የምትጠጉን ደግሞ የካሴቱን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በንጉሡ ጊዜ ምዝገባ ተከልክላ፣ በነሐሴ 1964 ዓ.ም. 250 ያህል ምእመናን በአንድ እሑድ ታሰሩ። ደርግ ሲመጣ ባሰ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ሲታሰር መዝሙሮቹ ግን ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ ነበር። ካሴት ከካሴት ይገለበጣል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ግልባጭ ላይ ከጊታሩ ይልቅ ሹክሹክታው ይሰማል። እኛም በድምፅ ቀንሰን፣ በር ዘግተን ሰምተናል። እነዚያም መዝሙሮች እኮ ብዙ ሰሚ ነበራቸው! ስለዚህ ብዙ ሰው የወደደው ሁሉ ቀላል ነው አንልም። ልዩነቱ ሰሚው በከፈለው ላይ ነው። ያን ካሴት የገለበጠ ሰው ቢያዝ ምን እንደሚደርስበት ያውቅ ነበር። ዛሬ ስልኩ አንዱ መዝሙር ሲያልቅ ሌላውን ራሱ ያስከትላል፤ ሻይ ቤቱ ማንም ሳይሰማ ቀኑን ሙሉ ያጫውታል፤ ሁሉም ይቆጠራል።

ዘማሪ በነጻ ይድከም ማለታችንም አይደለም። ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል፤ የቅጂ መብት አዋጁም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። መዝሙሩን በሚሊዮን የሚሰማ ሕዝብ ለዘማሪው ሳንቲም ሳይደርሰው ሲቀር ያሳዝነናል። ክፍያው ግን የድካሙ ነው። መዝሙሩ እውነት ስለመሆኑ የሚነግረን ነገር የለም።

በሚቀጥለው ልምምድ ሙዚቃውን አጥፍተን ግጥሙን ብቻ ጮክ ብለን አነበብን። ሚሊዮን ሰው ባየው መዝሙር ውስጥ "እኔ" የሚለው ቃል 19 ጊዜ፣ የጌታ ስም ሁለት ጊዜ ተገኘ። እንደዚያው ብዙ የታየ ሌላ መዝሙር ግን አንብበን ስንጨርስ አንዲት እህታችን ዓይኗን ትጠርግ ነበር። እርሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ተያዘ።

በዚያ እሑድ የዘመርነው ከእናቶች አንዷ ያስተማሩንን አንድ የኦሮምኛ መዝሙር ነው፤ ስልክም የላቸው። ዜማው በባቲ ቅኝት ነው፤ ቅኝቱ ስሙን ያገኘው በዚሁ በዞናችን ካለችው ከባቲ ከተማ ነው፤ ማንም ሸጦት አያውቅም። ከበሮውን የመታው ያው ወጣት ነበር።