አሮጌ ቫይብራፎን ከመግዛትዎ በፊት

ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ቆመው የሚመቱትን ባለ ብረት መሣሪያ ያላየ የለም፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው "ዛይሎፎን" ይለዋል። ስህተት ነው። የዛይሎፎንና የማሪምባ ባሮች የእንጨት ናቸው (ባር የምለው መምቻው የሚያርፍበትን ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው፤ የተሻለ አማርኛ ያለው ይላክልኝ)። የቫይብራፎን ባር አሉሚኒየም ነው። ከሥሩ ቱቦ አለው፣ በቱቦው አፍ ላይ ደግሞ በሞተር የሚሽከረከር ክብ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው አፉን በከፈተና በዘጋ ቁጥር ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ያ የምንወደው መርገብገብ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

መሣሪያው ወጣት ነው። በአሜሪካ የሊዲ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የቺካጎው ዲገን በ1927 አሉሚኒየም ባርና የእግር ማፈኛ ጨምሮ የዛሬውን መልክ ሰጠው። ላዮኔል ሃምፕተን በ1930 ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ሸክላ ላይ ሲጫወተው የጃዝ መሣሪያ ሆነ። በ1948 ሙሰር የተባለው ፋብሪካ ተከተለ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት በተለይ የዲገንንና የሙሰርን አሮጌ ሥራዎች ነው። ዲገን ከቆመ ቆይቷል፤ መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላ አሮጌ መሣሪያ ላይ ተፈትቶ ነው። ስለዚህ የጎደለ ዕቃ ማለት የጎደለ ብሎን ማለት ብቻ አይደለም።

ይህን በኪሴ ተምሬዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው "ከምሽት ክበብ የወጣ" ብሎ አሮጌ የአሜሪካ ቫይብራፎን አሳየኝ። 37ቱም ባሮች በሸራ ተጠቅልለው ነበር። ልቤ ቀልጦ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ስገጥመው የአንዱ ረድፍ ቱቦዎች የሉም። ለካስ ከጥቂት ወራት በፊት ለቁራሌው ተሸጠዋል! ይባስ ብሎ አንዱን ባር አንድ "ባለሙያ" ሊቃኘው ብሎ ከሥሩ መሐሉን በሞረድ በልቶታል። ባር ከሥሩ መሐሉ ሲሞረድ ድምፁ ይወርዳል፣ ጫፉ ሲሞረድ ይወጣል፤ የተበላውን ብረት ግን የሚመልሰው የለም። ልክሰስ ብዬም አስቤ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለጉድለት ዋስ ነው ይላል፤ ነገር ግን ዓይኑ ሥር ያለውን ጉድለት ሳያይ ለገዛ ሰው አያዝንም። ሸራውን ያልፈታሁት እኔው ነኝ። የሕግ ምሩቅ ነኝ ባዩ!

እንግዲህ ሸራውን ፍቱ። ባሮቹን ቁጠሩ፣ ከሥርም ገልብጣችሁ እዩ፤ አዲስ የሚያበራ የሞረድ ጭረት ካለ ዋጋውን ቀንሱ ወይም ተዉት። ቱቦዎቹ እንዳልተጨረማመቱ አረጋግጡ። ቀጥሎ ባሮቹ ላይ የተመታ ቁጥር ፈልጉ። ጥንታዊ መሣሪያዎች ላ በሰከንድ 435 ሆኖ የተቃኙ ይኖራሉ፣ የኋለኞቹ 440፣ ዛሬ የሚሠሩት ብዙዎቹ 442 ናቸው። የ435ቱ ለብቻው ሲመታ ግሩም ነው፤ ከፒያኖ ጋር ግን አይስማማም። በሞረድ "ላስተካክለው" የሚላችሁን ሰው በር ዝጉበት።

ጥገናው ራሱ ከባድ አይደለም። ባሩ የሚንጠለጠልበት ገመድ የሚያልፈው ከየጫፉ የርዝመቱን 22 በመቶ ያህል ገባ ብሎ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ብዙም አይርገበገብም፣ ስለዚህ ገመዱ ድምፁን አያንቀውም። ገመዱ ላልቶ ባሩ ከደጋፊው ጋር ከተነካካ ይንጫጫል። ገመድ ርካሽ ነው፣ ለውጡት። የማፈኛው ጨርቅ ደርቆ ከጠነከረም እንዲሁ። ባሩን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት።

ሞተሩ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የአሜሪካው 110 ቮልት ይፈልጋል፤ ከእኛ 220 ጋር በቀጥታ የሰካ ሰው ጭስ ያያል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ የእነሱን 60 ኸርዝ ግን ከእኛ 50 ጋር አያስታርቅም፤ ስለዚህ አንዳንዱ አሮጌ ሞተር እዚህ ዘገም ብሎ ይሽከረከራል። ለእኔ ጆሮ እንዲያውም ይጣፍጣል። ቺንጋው ካረጀ የጎማ ቀለበት ይተካዋል።

የእንጨት ባር ያላቸው ማሪምባና ዛይሎፎን ሌላ ጣጣ አላቸው። በበጋ ሲደርቁ ድምፃቸው ሽቅብ ይላል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃሉ፤ ፀሐይና ምድጃ አጠገብ አይቀመጡም። በጠንካራ የፕላስቲክ መምቻ ማሪምባን የሚመታ ልጅ ካያችሁ መምቻውን ቀሙት። ጥሩዎቹ ባሮች የሚሠሩት ከሆንዱራስ ሮዝውድ ነው። ይህ እንጨት ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት ሳይተስ በተባለው የዱር ሀብት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንግድ ድንበር የሚያቋርጥ መሣሪያ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገው ስለነበር ሙዚቀኞች ጮኹ፤ ከኅዳር 2019 ወዲህ ተሠርቶ ያለቀ መሣሪያና ያለቀ ክፍሉ ነፃ ሆኗል። ያልተሠራ ጣውላ ግን አሁንም ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ከውጭ የምታስመጡት ያለቀ ባር ከሆነ ደረሰኙ ላይ "የሙዚቃ መሣሪያ ክፍል" ተብሎ በግልጽ እንዲጻፍ አድርጉ፤ "እንጨት" ብቻ ከተባለ ጉምሩክ ላይ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ።