የገመድ አልባ ኔትወርክ ጥበቃና ግራ አጋቢ ምርጫዎቹ

ገመድ አልባ ኔትወርክ ወይም ዋይፋይ መረጃን በሬዲዮ ሞገድ የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ ከአንድ ቢሮ የሚላክ ሰነድ ከግድግዳው ባሻገር በቆመ ሰው መሣሪያ ሊጠለፍ ይችላል። ይህን ለመከላከል መረጃው በሚስጥር ቁልፍ ተመስጥሮ እንዲተላለፍ ይደረጋል። ሆኖም የምስጠራ ዘዴው እያለ ብዙ ኔትወርኮች ለዓመታት ክፍት ሆነው የቆዩ ሲሆን፣ ለዚህ አንዱ ምክንያት ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ለተጠቃሚው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አዳጋች መሆናቸው ነው።

ዌፕ የተሰኘው የመጀመሪያው የጥበቃ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ነው። ቁልፉ 40 ቢት ከሆነ 5 ፊደላት ወይም 10 የሄክሳዴሲማል አሃዞች፣ 104 ቢት ከሆነ ደግሞ 13 ፊደላት ወይም 26 አሃዞች ሊኖሩት ይገባል። በሌላ ርዝመት የተጻፈ ቃል በቀጥታ ቁልፍ አይሆንም። አንዳንድ አምራቾች ማንኛውንም ቃል ወደ ቁልፍ የሚቀይር ስልት ቢጨምሩም፣ ቀመሩ በደረጃው ውስጥ ያልተወሰነ በመሆኑ አንድ ቃል በሁለት አምራቾች መሣሪያ ላይ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ሊያወጣ ይችል ነበር። ስያሜውም አንድ ወጥ አልነበረም፤ በአንዱ ዘንድ 40 ቢት የተባለው ቁልፍ በሌላው 64 ቢት ይባላል።

ከሁሉ ይበልጥ አሳሳቹ የማረጋገጫ ስልቱ ምርጫ ነው። ሶፍትዌሩ «ክፍት» እና «የጋራ ቁልፍ» የሚሉ ሁለት ስልቶችን ያቀርባል፤ ስሞቹን አንብቦ ሁለተኛውን በመረጠ ሰው አይፈረድበትም። ነገር ግን በ«የጋራ ቁልፍ» ስልት ራውተሩ አንድ ጽሑፍ ሳይመሰጠር ይልካል፤ ኮምፒውተሩም ያንኑ መስጥሮ ይመልሳል። ሁለቱን ያነጻጸረ ጠላፊ የምስጠራውን ክፍል ያገኛል። «ክፍት» በተባለው ስልት መረጃው በቁልፉ መመስጠሩ ስለሚቀጥል፣ የሚሻለው እርሱ ነበር።

በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ «ቁልፉ በራሱ ይሰጠኛል» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት ካልተነሣ በቀር የቁልፉ መጻፊያ ቦታ አይከፈትም። ከተከፈተም በኋላ 26ቱ አሃዞች በነጠብጣብ ተሸፍነው ሁለት ጊዜ ይጻፋሉ። በዚህ የተሰላቸ ሠራተኛ ጥበቃውን ጨርሶ ቢያጠፋው አያስገርምም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች ዌፕ ሊሰበር እንደሚችል አሳዩ። በ2003 ደብሊው ፒ ኤ፣ በ2004 ደግሞ ደብሊው ፒ ኤ 2 ወጥተው ከ8 እስከ 63 ፊደላት ያለውን የይለፍ ቃል መቀበል በመጀመራቸው የአጻጻፉ ችግር ተቃለለ። ይሁንና የተሰበረው ዌፕ ለብዙ ዓመታት ከአዲሶቹ ጎን በእኩል ደረጃ በምርጫነት መቅረቡ አልቀረም።

ለማቅለል የተደረገው ሙከራም የራሱን ጉዳት አስከትሏል። በ2007 የተጀመረው ደብሊው ፒ ኤስ ባለ 8 አሃዝ ቁጥር በማስገባት ብቻ ያገናኛል። ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ የሚመረመርና የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ በመሆኑ፣ ቢበዛ በ11,000 ሙከራ እንደሚገኝ በ2011 ተረጋገጠ።

እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስምና የይለፍ ቃል በሚገባባቸው ተቋማት ደግሞ ኮምፒውተሩ የአገልጋዩን ሰርተፊኬት ማረጋገጥ ይኖርበታል። የሊነክሱ ኔትወርክ ማናጀር ይህን ማጣራት የሚያስቀር ምልክት ያቀርባል፤ ምልክቱ ሲደረግ ሥራው ይቀላል፣ ነገር ግን ተመሳሳይ ስም ያለው ሐሰተኛ ኔትወርክ የሠራተኛውን የመግቢያ መረጃ ለመቀበል መንገድ ያገኛል። ጉግል በ2020 መጨረሻ ይህን መሰል ምርጫ አንድሮይድ 11 ከሚሠራባቸው የፒክስል ስልኮቹ ያነሣ ሲሆን፣ ሰርተፊኬቱን ለሠራተኞቻቸው ያላዘጋጁ ተቋማት ስልኮቹን ለማገናኘት ተቸግረዋል።