የማያነቡትን መገምገም፦ የክፍት ምንጭ ማሻሻያዎችና የጉሙዝኛ ሆሄያት

በገዳሪፍ ግዛት፣ በቁረይሻና በገላባት ጠረፍ፣ ዓረብኛና አማርኛ በየገበያው ይገናኛሉ። ሁለቱንም በስልክ መጻፍ ዛሬ ችግር የለውም። ከዚያ በስተደቡብ በሁለቱም አገሮች የሚነገረው ጉሙዝኛ ግን እዚህ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲቀበል 345 ምልክቶችን አካተተ፤ በዚሁ ፊደል ለሚጻፍ ጉሙዝኛ የሚያስፈልጉ ሁለት የሆሄ ቤተሰቦች ግን አልነበሩባቸውም። አንደኛው አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ ለሚነገረው የ«በ» ዓይነት ድምፅ ነው። 14ቱ ሆሄያት የገቡት በ2010 በ6.0 እትም፣ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮና ከባስኬቶ ሆሄያት ጋር በድምሩ 32 ሆነው ነው።

ኮድ ያገኘ ሆሄ ወዲያው አይጻፍም፤ የፊደል ቅርጽና የቁልፍ ሰሌዳ ይፈልጋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት በክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች በመሆኑ፣ የውጭ ሰው ያቀረበው ማሻሻያ እንዴት ይመረመራል የሚለው የቋንቋ ጥያቄም ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። ላሪ ዎል በ1985 ያወጣው «ፓች» የተባለ ፕሮግራም ሙሉውን ሥራ ሳይሆን የተለወጡትን መስመሮች ብቻ መላክን አቀለለ። በሊነክስ ከርነል ማሻሻያው ለየክፍሉ ኃላፊ ይቀርባል፣ አስተያየት ይሰጥበታል፣ ታርሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል። ኤስሲኦ በ2003 አይቢኤምን ከከሰሰ በኋላ፣ በ2004 አቅራቢው ሥራውን የማቅረብ መብት እንዳለው በስሙ እንዲፈርም ተደነገገ። ፊርማው የባለቤትነትን ጥያቄ ይመልሳል፤ ስለ ትክክለኛነት ግን ዝም ይላል።

በኮድ ረገድ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ስሕተቱን ማሽንም ሊያገኘው ይችላል። በቋንቋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ በሚገኝበት በኪይማን የጋራ ማኅደር፣ አዲስ ሰሌዳ የፈቃድ ሰነድ፣ የለውጥ ታሪክና የአጠቃቀም መመሪያ ይዞ መቅረብ አለበት፤ በትክክል መገንባቱም ይፈተሻል። እነዚህን ሁሉ ያሟላ ሰሌዳ ሆሄውን በተሳሳተ ቁልፍ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ይህን የሚያውቀው ተናጋሪው እንጂ ገምጋሚው አይደለም።

የቀንና የወር ስሞችን የሚሰበስበው ሲኤልዲአር ሌላ መንገድ መርጧል፤ ድምፅ ያሰጣል። የተቋም ተወካይ ድምፅ ከግለሰብ ድምፅ ይበልጣል። ለአማርኛ ይህ ያስኬዳል። ተወካይ ተቋም ለሌለው ቋንቋ ግን ድምፅ መስጠት ራሱ በር መዝጊያ ይሆናል፤ ጥቂት ተናጋሪዎች ትክክል ቢሆኑም አይሰሙም።

ስለዚህ ለእንዲህ ያሉ ቋንቋዎች የዩኒኮድ ሥርዓት፣ ዘገምተኛ ቢሆንም፣ ይሻላል፤ ከድምፅ ብዛት ይልቅ ሆሄው በጽሑፍ የሚታይበትን ናሙና ይጠይቃልና። የሰዋስው መግለጫ፣ የመማሪያ መጽሐፍና የቃላት ዝርዝር ማስረጃ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው። ጥንቃቄው ምክንያት አለው፦ አንድ ጊዜ የገባ ሆሄ አይወጣም፣ ይፋዊ ስሙም አይለወጥም። የጉራጌ ቋንቋዎች 28 ተጨማሪ ሆሄያት በ14.0 እትም የገቡት በ2021 ነው፤ ከመጀመሪያው የግዕዝ ሰንጠረዥ 22 ዓመት በኋላ።