ሎሚ በሚወረወርበት ሜዳ ሎሚ ስንሸጥ

አትክልት ተራን ላላያችሁ ደጋፊዎቻችን እንንገራችሁ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ ሲወረድ ነበረች። አይሱዙው ሌሊት ያራግፋል፣ እኛ ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርቱን በጆንያ፣ ቲማቲሙን በሳጥን ተቀብለን ወደየጉልታችን እንበተናለን። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያሳደግነው፣ ዕቁባችንንም የጣልነው ከዚያች ተራ ባገኘነው ነው።

ቦታዋ ራሱ የሚገርም ነው። የከተማው የድሮ ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ አራዳ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አራዳን ለነጮች ለይተው የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። «መርካቶ» በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ስለዚህ «መርካቶ ገበያ ወረድኩ» ስንል «ገበያ ገበያ ወረድኩ» ማለታችን ነው። የእኛ ተራ ታዲያ በተነሣው ገበያና በተተከለው ገበያ መካከል ነበረች። አንድ ቀን እሷም እንደምትነሣ ግን ማን አሰበ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ተራችን ጠባብ ናት፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይተሻሻል። ሳምንታት አልፈው ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ።

አስቡት፤ ጃንሜዳ! ጥር 10 ታቦታቱ ወርደው የሚያድሩበት ሜዳ። ጥምቀት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚያው ዓመት፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በዓሉ በሚከበርበት መሬት ላይ የድንች ጆንያ ተደረደረ። ውሳኔው የተሰጠበት ከተማ ደግሞ የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ናት፤ በአንዲስ ተራሮች ላይ ያለች። ድንችም ወደ ዓለም የወጣው ከአንዲስ ተራሮች ነው!

የድንች ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ወደ አገራችን ያስገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ ትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። መጀመሪያ ብዙ ሰው አልፈለገውም። እየተስፋፋ የመጣው ከብቱ ካለቀበት ከክፉ ቀን፣ ከ1880ዎቹ ረሃብ ወዲህ ነው። በአየርላንድ ድንች ታሞ ረሃብ አመጣ፣ በእኛ አገር ረሃብ ድንችን አመጣ። ቲማቲምና በርበሬም የድንች ዘመዶች ናቸው፣ ከዚያው ከአሜሪካ የተሻገሩ። ቀይ ወጣችንን የሚያቀላው እንግዳ ነው ብንል የሚቆጣን ይኖራል፤ ግን እውነት ነው።

ከሁሉም ያሳቀን ሎሚው ነው። በጥምቀት ጎረምሳ የወደዳትን ልጅ በሎሚ ደረቷን ይመታል፤ ካነሣችው ፈቅዳለች ማለት ነው። ይህ በሚደረግበት ሜዳ እኛ ሎሚ በኩንታል አራገፍን። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልለት ቦታ ሽርጥና ቦቲ ነበር ልብሳችን። ክረምቱ ሲገባ ጭቃው ቁርጭምጭሚት አለፈ፣ የበሰበሰው ጎመን ከጭቃው ጋር ተቦካ። ሳቁ ያን ጊዜ አለቀ። የለመዱን ደንበኞች መንገዱ ራቃቸው፤ ከመካከላችን ዕቁቧን መጣል አቅቷት ወር የዘለለች አለች፣ ከማኅበራችን ቁጠባ ተበድራ ወረቷን የመለሰችም አለች።

ለ2013ቱ ጥምቀት ሜዳው ተጸዳ፣ ገበያው ወደ ላፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። እንደገና ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ደንበኛ።

በዓሉ ዕለት ጥቂቶቻችን ነጭ ለብሰን ጃንሜዳ ሄድን። ሚዛናችን የቆመበትን ቦታ ፈልገን አጣነው፤ ሣር ብቻ ነበር። አንድ ልጅ ሎሚ ይዞ ሲያዞር አገኘነውና ዋጋ ጠየቅነው። የጅምላውን ዋጋ ለምናውቀው ለእኛ፣ እጥፍ ጠራብን። ተከራክረን አንዳንድ ገዛን።