ከተማን «ማከም»፦ የስቶክሆልሙ ክላራ ሰፈርና የአንድ ቃል ታሪክ

በአማርኛ አሮጌውን አዲስ ስለማድረግ ለመናገር ቃል አይጠፋም። ቤት ይታደሳል፣ ጣሪያ ይጠገናል፣ ፕላን ይከለሳል፣ መሥሪያ ቤት እንደገና ይዋቀራል፣ ከተማ ደግሞ «መልሶ ይለማል»። «ማደስ» ከ«ሐዲስ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። ንድፍ የሚለውን ስም የሰጠን «ነደፈ» ብዙ መልክ አለው፤ ጥጥ ይነደፋል፣ ንብ ትነድፋለች፣ መሐንዲስም ይነድፋል። ቃላቱ ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ እኩል አይደሉም። «ይታደስ» ሲባል የነበረው እንደሚቆይ ይታሰባል። «መልሶ ይልማ» ሲባል ግን የነበረው መቆየቱ ግድ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከስቶክሆልም ታሪክ መማር ይቻላል።

የስቶክሆልም ሰዎች ለዚህ ሥራ «ሳኔሪንግ» የሚል ቃል ነበራቸው። ሥሩ ላቲን ነው፤ ትርጉሙም ማዳን፣ መፈወስ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሮጌው ከተማ፣ በጋምላ ስታን፣ ሴፌየስ የተባለው የቤቶች ክልል በዚህ ስም ታድሷል። በግቢው ውስጥ የተጨናነቁት ቤቶች ተነሥተው ለብርሃንና ለአየር ቦታ ተለቀቀ፤ በመንገዱ በኩል ያለው ጥንታዊ ፊት ግን እንዳለ ቀረ። በዚያን ጊዜ ቃሉ ከትርጉሙ አልራቀም፤ በሽተኛው ታክሞ በሕይወት ወጣ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ቃል ወደ ኖርማልም ተሻገረ። በዚያ የነበረው ክላራ የጋዜጣ ቤቶች፣ የማተሚያ ቤቶች፣ የርካሽ ምግብ ቤቶችና የገጣሚዎች ሰፈር ነበር። ኒልስ ፌርሊንን የመሳሰሉ ገጣሚዎች «የክላራ ቦሄሞች» ተብለው የሚታወሱት በዚህ ምክንያት ነው። ቤቶቹ አርጅተው ነበር፤ መንገዶቹም ጠባብ ነበሩ። ከተማዋ በበኩሏ ለመኪና ሰፊ ጎዳና፣ ለምድር ባቡር መስመር፣ ለቢሮዎችና ለትላልቅ መደብሮች ቦታ ትፈልግ ነበር። «ሌክስ ኖርማልም» የሚል ቅጽል የወጣለት የ1953ቱ ሕግ ማዘጋጃ ቤቱ በመሐል ከተማ ቦታዎችን በሰፊው እንዲወርስ መንገድ ከፈተ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ከ1952 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት አምስቱ የሆቶርየት ፎቆች ተሠሩ። በ1957 ማዕከላዊው የምድር ባቡር ጣቢያ ተከፈተ፤ በ1967 ደግሞ የሰርጌል አደባባይ ተመረቀ። በመቶ የሚቆጠሩ ሕንፃዎች ፈረሱ። በመዝገብ የተጻፈው ስም «ሬግሌሪንግ» ነበር፤ ማስተካከል፣ ሥርዓት ማስያዝ ማለት ነው። «ሪቭኒንግ»፣ ማለትም ማፍረስ፣ የሚለው ተራ ቃል ግን የዕቅዱ ስም አልሆነም።

የቃሉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ሰፈሩ «ይታከም» ከተባለ አስቀድሞ በሽተኛ ነው ተብሏል ማለት ነው፤ ሕክምናን የሚቃወም ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው? ክርክሩ ስለ መድኃኒቱ መጠን ይሆናል እንጂ ምርመራው ትክክል ስለመሆኑ አይሆንም። ሰፈሩን ለቅቆ የሚሄደው የቤት ኪራይ ከፋይም በዚህ አነጋገር ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ታካሚው ሕንፃው እንጂ ሰውዬው አይደለም።

ሕዝቡ ይህን አነጋገር በግልጽ የገፋው በ1971 ነው። በግንቦት ወር፣ በኩንግስትሬድጎርደን መናፈሻ የነበሩ ትልልቅ ዛፎች ለምድር ባቡር መግቢያ ሲባል እንዲቆረጡ ተወስኖ ነበር። ሰዎች ሌሊት ዛፎቹን ከበቡ፣ ቅርንጫፎቹ ላይም ወጡ፤ ከፖሊስ ጋር ግብግብ ተነሣ። ዛፎቹ የመጋዝ ጠባሳ ይዘው ቆሙ፣ የባቡሩ መግቢያም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ የመሐል ከተማው የማፍረስ ዕቅድ ተገታ።

አብሮ የወደቀው ቃሉም ነው። ዛሬ ስዊድናዊ «ሳኔሪንግ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ትኋን፣ ሻጋታ ወይም አስቤስቶስ ነው። ለከተማ ሌሎች ስሞች መጡ፤ «የከተማ ተሐድሶ»፣ «የከተማ ልማት»። በ2007 የስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት ሪንከቢን፣ ቴንስታንና ሁስቢን ለሚያጠቃልለው የዬርቫ አካባቢ ያወጣውን ዕቅድ «ዬርቫሊፍተት» አለው፤ የዬርቫ ከፍታ እንደ ማለት ነው። በሁስቢ የሚኖሩ ሰዎች ግን ማን ከፍ እንደሚልና ማን እንደሚወጣ ጠየቁ። ስዊድንኛም «እድሳት» እና «ከቤት ማስወጣት» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣብቆ «ሬኖቭሬክኒንግ» የሚል አዲስ ቃል ወለደ፤ ቤቱ ታድሶ ኪራዩ ሲንር ነባሩ ተከራይ መውጣቱን የሚናገር ቃል ነው። ይህን ቃል ያወጣው ከቤቱ የሚወጣው ወገን መሆኑ በግልጽ ይታይበታል።

አዲስ አበባም የራሷ መዝገበ ቃላት አላት። «ልማት» የእርሻ ሽታ ያለው ቃል ነው፤ ተቃራኒው ጠፍ መሬት ነው። ሰፈርን «መልሶ ማልማት» ማለት፣ ሳይታወቅ፣ ሰው የኖረበትን ስፍራ ጠፍ ብሎ መጀመር ነው። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያም የካዛንቺስ ነባር ቤቶች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። መሥሪያ ቤቱ እነዚህን ሰዎች የሚጠራው «የልማት ተነሺ» ብሎ ነው። ተነሺ የሚነሣ ነው፤ ያስነሣው ማን እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። ጎረቤት ግን «ሰፈራችን ፈረሰ» ይላል።

ይህ ሁሉ አሮጌ ቤት አይነካ ማለት አይደለም። የክላራ ጓሮዎች ጨለማ ነበሩ፤ የፒያሳም ብዙ ቤቶች መጸዳጃ ለብዙ ቤተሰብ በጋራ የነበራቸው፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ ነበር። ሴፌየስ የሚያሳየው ግን ሰፈርን ሳይገድሉ ማከም እንደሚቻል ነው። ዕቅድ ሲቀርብ ቃሉን ወደ ተራው አማርኛ መልሶ መጠየቅ ይገባል፤ ምን ይፈርሳል? ምን ይቆያል? ማን ተመልሶ ይገባል?

በክላራ ለሦስተኛው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ዛሬም ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ በቢሮዎችና በመደብሮች መካከል ቆሟል፤ በአጠገቡም የኒልስ ፌርሊን ሐውልት አለ። ገጣሚው ተመለሰ፣ ግን ነሐስ ሆኖ ነው።